ሻማው ለምን ጠፋ?

መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል። ሻማው ራሱ ሲጠፋስ? ብዙ ሰው «ሻማው ክፉ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ነገር ግን ሻማ ያለ ምክንያት አይጠፋም። ያለ ምክንያት አይጨስም። ያለ ምክንያትም አይሰነጠቅም። እያንዳንዱ ጉድለት የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ቅርብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው በብርጭቆ ውስጥ ፈስሶ ስለሚረጋ የሰም ሻማ ነው። እንዲህ ያለው ሻማ እንደ ጧፍ በእጅ አይያዝም። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰሙ ሲቀልጥ አይንጠባጠብም። ደብተር ዘርግቶ ለማንበብ ይመቻል። እንደ ኩራዝም የጋዝ ሽታ የለውም። ለሚሠራው ሰው ደግሞ ገበያ አለው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ተማሪዎች ስናስተምርበት የነበረው መንደር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ከቦሌ አራብሳ ወዲያ ነው። አብዛኛው ሰው ገበሬ ነው። አንዳንዱ ቀፎ አለው። ከኛ ጋር ፊደል ከቆጠሩት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጧፍ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። በየወሩ በ27 ለቦሌ መድኃኔዓለም፣ በ23 ደግሞ ለገርጂ ጊዮርጊስ ጧፋቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

አንድ ቀን ከተማ ያለ ባለ ሱቅ፣ «በብርጭቆ አድርገው ቢሠሩልኝ እገዛለሁ» አላቸው። አሥር ብርጭቆ ሠርተው ሰጡ። በሳምንቱ ስድስቱ ተመለሱ። ግማሹ እየበራ ይጠፋል። ግማሹ መሐሉ ብቻ ቀልጦ ጉድጓድ ሆኗል። እማማ ያን ዕለት ማታ ብርጭቆዎቹን በዘንቢል ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ።

«ልጆቼ፣ እጄ ነው መሰለኝ የከዳኝ» አሉን።

«እማማ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም። እስቲ እንዴት አድርገው እንደሠሩት ይንገሩን» አልናቸው።

እውነቱን ለመናገር እኛም ሻማ ሠርተን አናውቅም ነበር። ስለዚህ አብረን ሞከርን። የኛም የመጀመሪያ ሻማ ጠፋ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከዚያ ሙከራና በኋላ አንብበን ካገኘነው የተጠናቀረ ነው።

የሚነደው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሻማ ሲበራ የሚነደው ክሩ ነው ወይስ ሰሙ? ብዙዎቻችን «ክሩ ነው» እንላለን። አይደለም። ክር ብቻውን ቢለኮስ ወዲያው አመድ ይሆናል። ዋናው ነጅ ሰሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳቱ ሙቀት ሰሙን ያቀልጠዋል። የቀለጠው ሰም በክሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። የነጠላ ጫፍ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃው ወደ ላይ እንደሚሳብ ማለት ነው። ሰሙ እሳቱ ዘንድ ሲደርስ ወደ ትነት ይለወጣል። የሚነደውም ያ ትነት ነው። ክሩ እንግዲህ እንደ ቦይ ነው። ሥራው ሰሙን ለእሳቱ ማድረስ ነው። ቦዩ ሲጠብ እርሻው ይደርቃል። ቦዩ ሲሰፋ ደግሞ እርሻው በጎርፍ ይጠፋል። ሻማም እንደዚሁ ነው።

ይህን ጉዳይ ለሕዝብ በሰፊው ካስረዱት ሰዎች አንዱ ማይክል ፋራዴይ የተባለ የእንግሊዝ አገር ሊቅ ነው። ፋራዴይ በ1791 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ። አባቱ አንጥረኛ ነበር፤ ሀብት አልነበራቸውም። ልጁ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። መጽሐፍ ከሚጠርዝ ሰው ዘንድ ተቀጥሮ ሥራ ለመደ። እየጠረዘም ያነብ ነበር። በዚያ ንባብ ተነሥቶ ከዓለም ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በ1860 የገና ሰሞን ለንደን ውስጥ ልጆችን ሰብስቦ ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። ትምህርቱም በመጽሐፍ ታትሞ ዛሬም ይነበባል። ሻማ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰሙን ማጥራት

በአገራችን ሰም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው። ማሩ ከነሰሙ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ሰሙ ከላይ ይሰፍፋል። ስለዚህም ሰፈፍ ይባላል። የሚሰፍፈው ከውሃ ስለሚቀል ነው። ይሁንና ሰፈፍ ውስጥ የጌሾ ቅጠል፣ የሞተ ንብና ልዩ ልዩ ቆሻሻ አለ። እንዳለ ሻማ ቢሠራበት ቆሻሻው ክሩን ይደፍነዋል።

ሰፈፉን ለማጥራት በጆንያ ወይም በሳሳ ጨርቅ ቋጥሩት። ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ክተቱና በዝግታ አሙቁት። ሰሙ ቀልጦ በጨርቁ እያለፈ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ቆሻሻው እጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። ጠዋት ሰሙ እንደ ዳቦ ረግቶ ይገኛል። አውጡትና ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላ ፋቁት። ገና ያልጠራ ከሆነ አንድ ጊዜ ድገሙት። ድስቱ ዝገት የሌለበት ይሁን። ዝገት ሰሙን ያጠቁረዋል።

ሰም ስትገዙም ተጠንቀቁ። አንዳንድ ነጋዴ ሞራ ወይም ፓራፊን ይቀላቅልበታል። ፓራፊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ የፋብሪካ ሰም ነው። ከሰሙ ቆረስ አድርጋችሁ አኝኩት። ንጹሕ ሰም ጥርስ ላይ አይጣበቅም፤ ሽታውም የማር ሽታ ነው። ሞራ ያለበት ግን የስብ ሽታ አለው፤ ሲዳሰስም ይቀባል።

ሰሙን ማቅለጥ

ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል እሳት ይይዛል። ስለዚህ ሰሙን በትንሽ ዕቃ አድርጉ። ትንሹን ዕቃ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሰሙን ውሃው ያቅልጠው።

ይህ ለምን ይረዳል ቢሉ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሰም የሚቀልጠው ደግሞ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ ሰምን ለማቅለጥ ይበቃል። እሳት እስኪይዝ ድረስ ግን አያግለውም። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ ጠብቁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ እንምጣ።

1ኛ፦ እየበራ ይጠፋል፤ ወይም መሐሉ ብቻ ይጎደጉዳል

የእማማ ሻማ ሕመም ይህ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብን። ለጧፍ የለመዱትን ክር ነበር በብርጭቆው ውስጥ የተከሉት። ጧፍ ቀጭን ነው። በዙሪያው ያለው ሰም ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ክር ይበቃዋል። ብርጭቆ ግን ሰፊ ነው። በቀጭን ክር ላይ የሚነደው ትንሽ እሳት ዳር ያለውን ሰም ማቅለጥ አይችልም። ስለዚህ መሐሉን ብቻ እየበላ ወደ ታች ይወርዳል። በመጨረሻም የራሱ የቀለጠ ሰም ያሰጥመዋል።

መፍትሔው ክሩን ማወፈር ነው። የጥጥ ፈትል ሦስት ቦታ ከፍላችሁ እንደ ጸጉር ጎንጉኑት። የናይሎን ክር አይሆንም፤ ይቀልጣል። የተጎነጎነውን ክር በቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሩ። ትንንሽ የአየር አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። አረፋው ሲያቆም አውጡና ቀጥ አድርጋችሁ አድርቁት። ሰም ያልጠጣ ክር ሲለኮስ ራሱ ይቃጠልና ይጠፋል።

ምን ያህል ይወፍር? ይህን መጽሐፍ አይነግራችሁም። የብርጭቆው ስፋትና የፈትሉ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ሞክሩ። እኛ ሦስት እኩል ብርጭቆ ወሰድን። በአንዱ ቀጭን፣ በአንዱ መካከለኛ፣ በአንዱ ወፍራም ክር ተከልን። ሦስቱንም በአንድ ሰዓት ለኮስን። ቀጭኑ ጠፋ። ወፍራሙ ጨሰ። መካከለኛው በደንብ በራ። የቀለጠው ሰም ቀስ እያለ ብርጭቆው ዳር ደረሰ። የምንፈልገው ይህን ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሻማው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ቶሎ አታጥፉት። የቀለጠው ሰም ብርጭቆው ዳር እስኪደርስ ጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ጠባብ ጉድጓድ ከሠራ በሚቀጥለውም ቀን ያንኑ ጉድጓድ እየተከተለ ይወርዳል።

ክሩ ወፍሮም አሁንም ዳር ካልደረሰ ብርጭቆው በጣም ሰፊ ነው ማለት ነው። የንብ ሰም ደረቅ ስለሆነ በጠባብ ብርጭቆ ይሻለዋል። ወይም ለአራት እጅ ሰም አንድ እጅ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ቀላቅሉ፤ ሰሙ ይለሰልሳል። ነገር ግን ዘይት ያለበትን ሻማ «ንጹሕ ሰም ነው» ብላችሁ አትሽጡ። ለገዢው ንገሩት። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ አይመለስም።

2ኛ፦ ይጨሳል፤ ብርጭቆውን ያጠቁራል

ክሩ ወፍሯል ወይም ረዝሟል። እሳቱ ሊያነደው ከሚችለው በላይ ሰም ይስባል። ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ሻማውን ከመለኮሳችሁ በፊት ክሩን በመቀስ ቁረጡ። ከሰሙ በላይ የሚቀረው የአንድ ስንዴ ፍሬ ቁመት ያህል ይሁን። ይህንንም ባበራችሁ ቁጥር አድርጉ። በየጊዜው እየቆረጣችሁም ከጨሰ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠን ያለ ክር ትከሉ። ነፋስም እሳቱን እያወዛወዘ ያስጨሰዋል። ስለዚህ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጉት።

3ኛ፦ እየተንጣጣ ይበራል

ሰሙ ውስጥ ወይም ክሩ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ሲግል ይተንና ሰሙን ይረጨዋል። ሰፈፍ በውሃ ስለሚጠራ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። የጠራውን ሰም እንደገና በትንሹ ዕቃ አቅልጡና ለጥቂት ጊዜ አቆዩት። ውሃው ከሥር ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ የሥሩን ተዉት። ብርጭቆውም በደንብ የደረቀ ይሁን።

4ኛ፦ ይሰነጠቃል፤ ከብርጭቆው ይለቃል፤ ክሩ ዙሪያ ይሰረጉዳል

ሰም ሲረጋ ይኮማተራል። የሚረጋውም ከዳር ወደ መሐል ነው። ዳሩ ቀድሞ ሲደርቅ መሐሉ ገና ፈሳሽ ነው። መሐሉ በኋላ ሲኮማተር ክሩ ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጠራል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እዚህ ላይ ተረቱ እውነት ነው። ብርጭቆውን በሞቀ ውሃ አሙቁና አድርቁት። ሰሙን ከእሳት አውርዱና ጥቂት ይብረድ። ዳር ዳሩ ደብዘዝ ማለት ሲጀምር ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ክሩን ከሥር በሰም ጠብታ አጣብቁት። ከላይ በሁለት ቀጫጭን እንጨት መሐል ያዙት። ሲሞላ በካርቶን ከድኑት፤ ጋቢም ደርቡበት። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ሰምን ይሰነጥቃል። ክሩ ዙሪያ ከሰረጎደ ደግሞ በሙቅ ምስማር ጉድጓዱን ከፈት አድርጋችሁ ጥቂት ሰም ጨምሩበት።

ሰሙ እዚህም እዚያም ከብርጭቆው ለቅቆ ቢታይ ግን አትደንግጡ። መልኩን እንጂ አበራሩን አይጎዳም።

5ኛ፦ ላዩ ነጭ አመዳይ ይለብሳል

ይህ ጉድለት አይደለም። የንብ ሰም ሲቆይ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ሻጋታ አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ ስትወለውሉት ይለቃል።

ስለ አኩሪ አተር ሰም

በውጭ አገር የብርጭቆ ሻማ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአኩሪ አተር ሰም ነው። ይህ ሰም በአሜሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረ ነው። ከአኩሪ አተር የተጨመቀው ዘይት በፋብሪካ ውስጥ ሃይድሮጂን ከሚባል ጋዝ ጋር ሲዋሐድ ይረጋል። አኩሪ አተር በአገራችንም ይበቅላል፤ በመተከልና በጅማ አካባቢ ገበሬው ያውቀዋል። ዘይቱን ወደ ሰም መለወጥ ግን የቤት ሥራ አይደለም፤ ፋብሪካ ይጠይቃል።

የአኩሪ አተር ሰም ከንብ ሰም ይለሰልሳል። በ50 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ስለዚህ ለብርጭቆ ይስማማል፤ ጧፍ ግን አይሆንም፤ ይጎብጣል። እሱም ነጭ አመዳይ ያወጣል፤ ከብርጭቆ ይለቃል፤ ክሩ ከቀጠነም ይጎደጉዳል። መድኃኒቱም ከላይ የተናገርነው ነው። የሰሙ ዓይነት ቢለያይም የክሩና የሰሙ ሚዛን ሕግ አንድ ነው።

እሳት ከተነሣ

ሰም እሳት ቢይዝ ውሃ አታፍስሱበት! ውሃው ከሰሙ ሥር ይገባና ወዲያው ይተናል። የሚነደውን ሰም ወደ ላይ ይረጨዋል። ፊትንም ቤትንም ያቃጥላል። ይልቅ ክዳን ክደኑበት። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ስለዚህ ሰም ስታቀልጡ ክዳኑ ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ትኩስ ሰም ቆዳ ላይ ቢፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ቁስሉ ከሰፋ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ። ከሰል የምታነዱ ከሆነ በር ይከፈት፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ይገድላል።

የሚበራውንም ሻማ ትታችሁ አትተኙ። ብርጭቆው ሥር የጣት ውፍረት ያህል ሰም ሲቀር አጥፉት። እስከ መጨረሻው ከነደደ ብርጭቆው ግሎ ይፈነዳል። የቀረው ሰም አይጣልም፤ እንደገና ይቀልጣል።

እርሳስ ለሻማ ምን ይሠራል?

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ደብተር ነው። በመጀመሪያ ስንሞክር ክሩንም ሰሙንም ብርጭቆውንም በአንድ ጊዜ ለወጥን። ሻማው ተሻለ፤ ግን በምን እንደተሻለ አላወቅንም። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሁለተኛ፣ የተደረገውን ሁሉ መጻፍ። ብርጭቆዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለን ቁጥር ለጠፍን። የጻፉት እማማ ናቸው። ከስማቸው በቀር በራሳቸው እጅ ምንም ጽፈው አያውቁም ነበር። ያን ማታ ደብተራቸው ላይ እንዲህ ጻፉ፦

1 ቀጭን ክር። ጠፋ።
2 መካከለኛ። ጥሩ።
3 ወፍራም። ጨሰ።

ይህ አጭር ጽሑፍ ስድስት ብርጭቆ ካስመለሰባቸው ጥፋት አዳናቸው።

ሒሳቡንም አብረን ሠራን። አንድ ብርጭቆ 100 ግራም ሰም ቢይዝ ከ1 ኪሎ ሰም 10 ብርጭቆ ይወጣል። ከአሥሩ 6 ቢመለስ የተሸጠው 4 ብቻ ነው። ሰሙ ተመልሶ ይቀልጣል፤ አይጠፋም። የጠፋው ከሰሉ፣ ክሩ፣ የመንገዱ ወጪና የገዢው እምነት ነው።

በሚቀጥለው ወር እማማ ሌላ አሥር ብርጭቆ ሠርተው ወሰዱ። አንድ ብቻ ተመለሰ፤ ተሰንጥቆ ነበር። እኛ ብርጭቆውን እያገላበጥን ስናይ እሳቸው ደብተራቸውን ገለጡ።

«ይኼ 7 ቁጥር ነው። ያን ማታ ጋቢ አላለበስኩትም፤ ጽፌዋለሁ» አሉን።

እኛም መናገር ያሰብነውን ተውነው። እንግዲህ እናንተም ሻማችሁ ሲጠፋ እጃችሁን አትውቀሱ። ደብተራችሁን ግለጡ።

ጥያቄዎች

1. ሻማ ሲበራ የሚነደው ክሩ ነው ወይስ ሰሙ? አስረዱ።
2. ለጧፍ የሚሆን ክር ለብርጭቆ ሻማ የማይበቃው ለምንድን ነው?
3. የሚነድ ሰም ላይ ውሃ ማፍሰስ ለምን ያስፈራል? ምን ማድረግ ይሻላል?
4. አንድ ብርጭቆ 125 ግራም ሰም ቢይዝ ከ1 ኪሎ ሰም ስንት ብርጭቆ ይወጣል?
5. በቤታችሁ ከምትሠሩት ሥራ አንዱን ምረጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንዳደረጋችሁና ምን እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ።